ራም ሲጣበብ፦ ዜድራም፣ ዜድስዋፕ ወይስ የስዋፕ ፋይል?

ባለ 4 ጂቢ ላፕቶፕ ላይ ብራውዘሩ አሥራ አምስት ታብ ከፍቶ እያለ የቪዲዮ ስብሰባ ሲጀመር የሚሆነው ይታወቃል። ማውሱ ይንቀራፈፋል፤ የሃርድ ዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ በርቶ ይቀራል፤ ከዚያ ማሽኑ ስታክ ያደርግና ማጥፊያውን ተጭኖ ከመያዝ በቀር መላ ይታጣል። ይህ የሚመጣው ራሙ ስላነሰ ብቻ አይደለም። ራሙ ሲሞላ ስርዓተ ክወናው ምኑን ወዴት እንደሚያሸሽ የሚወስንበት መንገድ ከማሽኑ ጋር ስላልተስማማም ጭምር ነው። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ያንን መንገድ የመምረጡ ሥልጣን የተጠቃሚው ነው።

መልሱን አስቀድሞ ለሚፈልግ፦ ዲስኩ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ወይም ኢኤምኤምሲ (በርካሽ ማሽኖች ቦርድ ላይ የሚበየድ ማከማቻ) ከሆነና ማሽኑን ሃይበርኔት የማታደርጉ (ሥራውን ዲስክ ላይ አስቀምጣችሁ የማታጠፉት) ከሆነ ዜድራም ምረጡ፤ እሱ የሚሸሸውን ራም ውስጥ ጨምቆ ያስቀምጣል። ኤስኤስዲ ካላችሁና ሥራችሁ ከራሙ በብዙ የሚበልጥ ከሆነ፣ ወይም ሃይበርኔት የግድ ካስፈለገ፣ የስዋፕ ፋይል (ከራም የሚሸሸው ዲስክ ላይ የሚቀመጥበትን) ፍጠሩና ወደዚያ የሚሄደውን መንገድ ላይ የሚጨምቀውን ዜድስዋፕን ከላዩ አብሩ። ራሙ ሰፊ ለሆነ፣ ስዋፕን ለክፉ ቀን ብቻ ለሚያስቀምጥ ሰርቨር ተራ የስዋፕ ፋይል ይበቃል። ዜድራምንና ዜድስዋፕን ግን አንድ ላይ አታብሩ። ማሽኖች ስለሚለያዩ ከመልሱ ይልቅ ምክንያቱን መያዝ ይጠቅማል፤ ቀሪው ጽሑፍ ስለ ምክንያቱ ነው።

ከርነሉ የሚመርጠው በምንና በምን መካከል ነው?

ከርነሉ፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ራምን የሚያስተዳድረው 4 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ከፍሎ ነው። ገጾቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዲስክ ላይ ቅጂ ያለው የፋይል ገጽ ነው፤ የፕሮግራሙ ኮድ፣ የተከፈተ ሰነድ፣ የላይብረሪ ፋይል ሁሉ እዚህ ይገባል። ሁለተኛው ፕሮግራሙ ሲሠራ ራሱ የፈጠረው፣ ዲስክ ላይ ምንም ቅጂ የሌለው ገጽ ነው። የብራውዘር ታብ ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር የዚህኛው ወገን ነው። የፋይል ገጽን መጣል ቀላል ነው፤ ሲያስፈልግ ከዲስክ ተመልሶ ይነበባል። ሁለተኛውን ግን ማስቀመጫ ሳያዘጋጁለት መጣል አይቻልም። ያ ማስቀመጫ ስዋፕ ይባላል።

«ስዋፕ ማሽኑን ያዘገያል፣ አጥፉት» የሚለው የተለመደ ምክር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስዋፕ ሲጠፋ ከርነሉ ሊያወጣው የሚችለው የፋይል ገጾችን ብቻ ይሆናል። ከጠዋት ጀምሮ ያልተነካ ታብ ራም ውስጥ ተቀምጦ፣ አሁን እየሠራ ያለው ፕሮግራም ኮድ ይጣላል። ኮዱ ወዲያው ስለሚያስፈልግ ከዲስክ ይነበባል፣ እንደገና ይጣላል፣ እንደገና ይነበባል። ስዋፕ የሌለው ማሽን ራሙ ሲሞላ የዲስኩ መብራት ያለማቋረጥ የሚበራው በዚህ ምክንያት ነው።

ከርነሉ በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚመዝነው በጭፍን አይደለም። ከ2014 ጀምሮ፣ ማለትም ከሊኑክስ 3.15 ወዲህ፣ አንድ የፋይል ገጽ ሲጣል በቦታው ትንሽ ምልክት ይቀራል። ገጹ ተመልሶ ሲጠራ ከርነሉ በምልክቱ አማካይነት ከተጣለ በኋላ ስንት ገጽ እንደተጣለ ያሰላል። ቶሎ የተመለሰ ገጽ መጣል ያልነበረበት ገጽ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ በቀጣዩ ዙር ጫናው ወደ ሌላው ወገን ይዞራል። በዲሴምበር 2022 የወጣው ሊኑክስ 6.1 ደግሞ ገጾችን በትውልድ የሚመድብ አዲስ አሠራር ይዞ መጣ። ኤምጂኤልአርዩ ይባላል፤ ሥራውን የመራው የጉግል መሐንዲሱ ዩ ዣው ነው። ቀድሞ ገጾች በ«ንቁ» እና «ቦዘኔ» ሁለት ረድፎች ብቻ ይለዩ ነበር። አሁን እስከ አራት ትውልድ ይደረደራሉ፤ ሲጣል ከአሮጌው ትውልድ ይጀመራል። ራሙ ትንሽ በሆነ ማሽን ላይ ልዩነቱ በደንብ ይታያል።

ይህ ሁሉ ብልሃት ግን ገጾቹ የሚሸሹበት ቦታ ፈጣን ካልሆነ አይረዳም።

ሦስቱ ማሸሻዎች

የስዋፕ ፋይል ቀላሉ ነው፤ ገጹ እንዳለ ዲስክ ላይ ይጻፋል። ችግሩ ያለው መልሶ በማንበቡ ላይ ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የተበታተነ ንባብ ሲጠየቅ በሰከንድ 100 ጊዜ ገደማ ነው የሚችለው፤ የላፕቶፕ ዲስክ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እያንዳንዱ ንባብ 4 ኪሎባይት ብቻ ቢያመጣ በሰከንድ 400 ኪሎባይት ማለት ነው። 400 ሜጋባይት ወደ ስዋፕ የሄደበትን ታብ መልሶ ለመክፈት 1000 ሰከንድ፣ ከ16 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ከርነሉ ጎረቤት ገጾችን አብሮ ስለሚያነብ በተግባር እንዲህ አይከፋም። ሆኖም ማሽኑ «ሞተ» የሚባለው በዚህ ሁኔታ ላይ ሲገኝ ነው። ኤስኤስዲ ላይ ግን አንዱ ንባብ 100 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ስለሚወስድ ነገሩ ሌላ ነው።

ዜድራም ዲስኩን ጨርሶ አይነካም። ራም ውስጥ ዲስክ የሚመስል ነገር ይፈጥርና ወደ እሱ የሚላከውን ገጽ ሁሉ ጨምቆ ያስቀምጣል። በ2014 ከወጣው ሊኑክስ 3.14 ጀምሮ በዋናው ከርነል ውስጥ አለ። አንድሮይድ ስልኮችና ክሮምቡኮች የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው፤ ፌዶራም በ2020 ከወጣው 33ኛ ዕትም ጀምሮ ነባሪ አድርጎታል። ገጹን መልሶ መዘርጋት የሚወስደው ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ነው። ሃርድ ዲስኩ 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ከሚፈጅበት ጋር ሲነጻጸር ፍጥነቱ ከሺህ እጥፍ ይበልጣል። ድክመቱ ወሰን ያለው መሆኑ ነው፤ ሲሞላ በነባሪ የሚያወርድበት ሁለተኛ ቦታ የለውም። ኤሌክትሪክ ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ለሃይበርኔት አይሆንም።

ዜድስዋፕ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። ብቻውን አይሠራም፤ ከኋላው ዲስክ ላይ ያለ ስዋፕ ይፈልጋል። ወደ ዲስክ የሚሄደውን ገጽ መንገድ ላይ ይይዝና ጨምቆ ራም ውስጥ በተከለለ ቦታ ያቆያል። ቦታው በነባሪ ከራሙ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል። ሲሞላ ለረጅም ጊዜ ያልተፈለጉትን ገጾች ዘርግቶ ወደ ዲስኩ ያወርድና ለአዲሶቹ ቦታ ይለቃል። ትኩሱ ራም ውስጥ፣ የቀዘቀዘው ዲስክ ላይ ማለት ነው። በአብዛኞቹ ከርነሎች ላይ የማይጨመቅ ገጽ ሲያጋጥመውም አልቀበልም ብሎ በቀጥታ ወደ ዲስክ ያሳልፈዋል። ዜድራም ግን የማይጨመቀውንም ገጽ ተቀብሎ ሙሉውን 4 ኪሎባይት ራም ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ማለትም ምንም አልተረፈም።

ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ዜድስዋፕ ጨምቆ ለሚይዘው ለእያንዳንዱ ገጽ የዲስኩ ስዋፕ ላይም ቦታ ይያዝለታል፣ ገጹ እዚያ ባይጻፍም እንኳ። ስለዚህ የስዋፕ ፋይሉ 1 ጂቢ ብቻ ከሆነ ዜድስዋፕም ከ1 ጂቢ በላይ ገጽ መያዝ አይችልም። «ዜድስዋፕን አብርቼ ምንም አልተለወጠም» የሚል ሰው መጀመሪያ የስዋፕ ፋይሉን መጠን ይመልከት።

ስሌቱ በ4 ጂቢ ላይ

የብራውዘርና የቢሮ ሥራ ገጾች አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ለ1 እስከ 3 ለ1 ይጨመቃሉ። 4 ጂቢ ራም ላይ 4 ጂቢ መጠን ያለው ዜድራም ተፈጥሮ ሙሉ በሙሉ ቢሞላ፣ በ3 ለ1 ስሌት ከራሙ 1.3 ጂቢ ገደማ ይይዛል። የሚቀረው 2.7 ጂቢ ለሚሠራው ነገር ነው። 2.7 እና 4 ሲደመሩ ማሽኑ 6.7 ጂቢ የሚያህል ሥራ ይሸከማል። ጭመቃው 2 ለ1 ብቻ ከሆነ 6 ጂቢ ይሆናል። እዚህ ላይ «የዜድራም መጠን» የሚባለው ሳይጨመቅ የሚገባው መጠን ነው፤ 4 ጂቢ ተብሎ ስለተጻፈ ራሙ ወዲያው አይወሰድም። ባዶ ሲሆን የሚበላው ከመጠኑ 0.1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከራሙ ሁለት እጥፍ በላይ አድርጎ መፍጠር ግን ትርጉም የለውም፤ 2 ለ1 ተጨምቆ እንኳ ራሙን በሙሉ ይውጠዋል።

ዜድስዋፕ በነባሪው 20 በመቶ ላይ 0.8 ጂቢ ይከልላል፤ በ3 ለ1 ሲሰላ 2.4 ጂቢ ገጽ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ወደ ዲስክ ይወርዳል። ወሰኑ የስዋፕ ፋይሉ መጠን ስለሆነ የሚሸከመው ጠቅላላ ሥራ ከዜድራም ሊበልጥ ይችላል፤ ፍጥነቱ ግን ዲስኩን ያክላል።

በነገራችን ላይ በስልክ ሳጥን ላይ «4+4 ጂቢ» ተብሎ የሚጻፈው ሁለተኛው 4 ራም አይደለም። ከስልኩ ማከማቻ ላይ ለስዋፕ የተበደረ ቦታ ነው። 8 ጂቢ ራም ካለው ስልክ ጋር እኩል አድርጋችሁ አትክፈሉበት።

ለምን አንድ ላይ አይሆኑም?

ሁለቱም ሲበሩ ወደ ዜድራም የሚሄደውን ገጽ ዜድስዋፕ መንገድ ላይ ይይዘዋል። ጨምቆ ያቆየውና ቦታው ሲሞላበት ገጹን ዘርግቶ ለዜድራም ይሰጠዋል፤ ዜድራም እንደገና ይጨምቀዋል። አንዱ ገጽ ሁለት ጊዜ ተጨምቆ አንድ ጊዜ ተዘርግቶ ያው ራም ውስጥ ቀረ። አርች ሊኑክስ ከርነሉ ዜድስዋፕን በነባሪ ስለሚያበራ፣ እዚያ ላይ ዜድራም የሚጭን ሰው ዜድስዋፕን ማጥፋት አለበት። ኡቡንቱ ላይ በነባሪ ጠፍቷል።

ዜድራምን ከዲስክ ስዋፕ ጋር ማጣመር ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። ቅድሚያ ለዜድራም ሲሰጥ ከርነሉ መጀመሪያ እሱን ይሞላል። መጀመሪያ የሚሸሹት ገጾች ደግሞ በጣም የቀዘቀዙት፣ ምናልባትም ማሽኑ ሲነሳ ተጭነው ዳግም ያልተነኩት ናቸው። እነሱ ፈጣኑን ቦታ ይዘው ይቀመጣሉ። ዜድራም ሞልቶ ተራው ለዲስኩ ሲደርስ የሚሸሹት ገጾች ትኩስ ናቸው። የቀዘቀዘው ከፈጣኑ ጋር፣ ትኩሱ ከቀርፋፋው ጋር ተጣመረ፤ የተገላቢጦሽ ሆነ። ከርነሉ የቀዘቀዘውን ከዜድራም አንስቶ በራሱ ወደ ዲስክ አያዛውርም። ዜድስዋፕ የሚበልጠው በዚህ ነው። ራሙ ለሥራው በጭራሽ እንደማይበቃ ካወቃችሁና ኤስኤስዲ ካላችሁ፣ ከጥምሩ ይልቅ ዜድስዋፕን እንመክራለን።

ማሽኑን አይቶ መምረጥ

በየሱቁ የሚሸጠው ያገለገለ ላፕቶፕ፣ 4 ጂቢ ራምና 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ ያለው፣ የዜድራም ዋነኛ ተጠቃሚ ነው። መጠኑን ከራሙ ጋር እኩል አድርጉ። ፕሮሰሰሩ ባለ ሁለት ኮርና ያረጀ ከሆነ ጭመቃውን ኤልዜድ4 አድርጉት፤ እሱ ብዙ ባይጨምቅም ፈጣን ነው። ከዚያ ለሚሻል ፕሮሰሰር ዜድስታንዳርድ ይሻላል፤ ትንሽ ይዘገያል፣ ብዙ ይጨምቃል። ነባሪው ኤልዜድኦ-አርኤልኢ በመካከል ነው።

ኢኤምኤምሲ ወይም የኤስዲ ካርድ ላይ የሚነሱ ትንንሽ ማሽኖችም ዜድራም ነው የሚሻላቸው። ምክንያቱ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ የማያቋርጥ ጽሕፈት ካርዱን ያረጀዋል።

መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበት አካባቢ ለሚሠራ፣ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ሃይበርኔት ትልቅ ነገር ነው። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሥራው ዲስክ ላይ ተቀምጦ ማሽኑ ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ለዚህ ዲስክ ላይ ያለ፣ ቢያንስ ራሙን የሚያህል ስዋፕ ያስፈልጋል። ከርነሉ ሲያስቀምጥ ስለሚጨምቅ ባነሰም ሊሠራ ይችላል፤ ግን ራሙ ሞልቶ በተገኘበት ቀን ይከሽፋል። ስለዚህ እንዲህ ላለው ማሽን የስዋፕ ፋይል ከዜድስዋፕ ጋር ትክክለኛው ምርጫ ነው። ኡቡንቱና ፌዶራ ላይ ሴኪዩር ቡት ከበራ ከርነሉ ሃይበርኔትን እንደሚከለክልም አስታውሱ።

1 ወይም 2 ጂቢ ራም ያለው ሰርቨር ተከራይተው ዳታቤዝና ዌብሳይት ለሚያስኬዱ፣ 2 ጂቢ የስዋፕ ፋይልና ዜድስዋፕ ጥሩ ጅምር ነው። የዳታቤዙ የራሱ ካሽ ከራሙ ጋር ተመጣጥኖ መገደቡ ግን ከሁሉም ይቀድማል። ዳታቤዙ ከራሙ 80 በመቶ እንዲይዝ ተፈቅዶለት ከሆነ የትኛውም ስዋፕ አያድነውም።

ዜድራምን መትከል

ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ሲስተምዲ-ዜድራም-ጀነሬተር የሚባለውን ጥቅል ጫኑ። ቀጥሎ በኢቲሲ ሥር ባለው የሲስተምዲ (የማሽኑን አገልግሎቶች የሚያስነሳው ፕሮግራም) ማውጫ ውስጥ ዜድራም-ጀነሬተር የተባለውን የማዋቀሪያ ፋይል ክፈቱና «ዜድራም0» በሚለው ክፍል ሥር ሦስት መስመር ጻፉ። የመጀመሪያው መጠኑ ነው፤ «ራም» ብቻ ብላችሁ ብትጽፉ ከራሙ ጋር እኩል ይሆናል። ሁለተኛው የጭመቃው ዓይነት ነው። ሦስተኛው ቅድሚያው ነው፤ 100 አድርጉት፣ የቆየ የስዋፕ ፋይል ካለ ከኋላው እንዲሰለፍ። ከዚያ ሲስተምዲ ማዋቀሪያውን እንደገና እንዲያነብ አድርጋችሁ የዜድራም0ን አገልግሎት አስነሱ፤ ወይም ማሽኑን አጥፍታችሁ አብሩት። ዜድራም-ቱልስ የሚባለው ሌላ ጥቅልም አለ፤ ያው ነው የሚሠራው። ሁለቱን አብራችሁ አትጫኑ፣ አንዱ የሌላውን መሣሪያ ይሻማል።

ሰርቨር ላይ ዜድራም «ሞጁሉ አልተገኘም» ካለ የኡቡንቱ ሰርቨር ከርነል ሞጁሉን ለብቻ ጥቅል ውስጥ ስለሚያስቀምጠው ነው። ሊኑክስ-ሞጁልስ-ኤክስትራ የሚለውን ከከርነላችሁ ቁጥር ጋር የሚመሳሰለውን ጫኑ።

ዜድስዋፕን ማብራት

መጀመሪያ የስዋፕ ፋይሉ ነው። 4 ጂቢ ፋይል በዲዲ ትእዛዝ ፍጠሩ፣ ፈቃዱን 600 አድርጉ፣ በኤምኬስዋፕ አዘጋጁት፣ በስዋፕኦን አብሩት፣ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር እንዲበራ ኤፍኤስታብ ፋይል ውስጥ አስገቡት። ፈቃዱ 644 ሆኖ ከቀረ ማንኛውም ተጠቃሚ የሌላውን የይለፍ ቃል ከስዋፑ ሊያነብ ይችላል፤ ስዋፕኦንም ያስጠነቅቃል። የፋይል ሲስተሙ ቢቲአርኤፍኤስ ከሆነ በዲዲ የተፈጠረው ፋይል አይሠራም። የራሱ የሆነ የስዋፕ ፋይል መፍጠሪያ ትእዛዝ ስላለው በእሱ ተጠቀሙ።

ቀጥሎ የግራብ (ማሽኑ ሲበራ ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ማዋቀሪያ ውስጥ፣ የከርነሉ ትእዛዞች በሚጻፉበት መስመር ላይ፣ ዜድስዋፕ እንዲበራ የሚለውን 1 ብላችሁ ጨምሩና ግራብን አድሱ። ሲነሳ ዜድስታንዳርድ እንዲጠቀም ብታዙትም ያ ሞጁል ገና ካልተጫነ ሳይነግራችሁ ወደ ነባሪው ይመለሳል። ስለዚህ ከተነሳ በኋላ ሲስ ማውጫ ውስጥ የዜድስዋፕን መለኪያዎች ከፍታችሁ በእርግጥ የትኛውን እንደያዘ እዩ። ከ5.19 ወዲህ ባሉ ከርነሎች ላይ ሚምኢንፎ ፋይል ውስጥ ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንዱ ስንት ገጽ እንደተጨመቀ፣ ሌላው ተጨምቆ ስንት ቦታ እንደያዘ ይናገራል። ሁለቱም ዜሮ ሆነው ስዋፑ ግን ጥቅም ላይ ከሆነ ዜድስዋፕ አልበራም።

ስዋፒነስ በስሌት

ስዋፒነስ ከርነሉ ገጾችን ወደ ስዋፕ ለማሸሽ ምን ያህል እንደሚያዘነብል የሚወስን ቁጥር ነው፤ ስለ እሱ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው አሮጌ ነው። «10 አድርጉት» የሚለው ሃርድ ዲስክ ላይ ስዋፕ ለነበረበት ዘመን ይሠራል። ቁጥሩ ከሊኑክስ 5.8 ጀምሮ ከ0 እስከ 200 ይደርሳል፤ ነባሪው 60 ነው። የሚገልጸው ከስዋፕ ማንበብ ፋይልን ዳግም ከማንበብ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ውድ እንደሆነ ነው። 100 ከሆነ ሁለቱ እኩል ናቸው። ስዋፑ ከፋይሉ ሁለት እጥፍ ከፈጠነ 200ን ለሦስት ከፍላችሁ ሁለቱን እጅ ውሰዱ፤ 133 ይመጣል። አሥር እጥፍ ከፈጠነ ለአሥራ አንድ ተካፍሎ አሥሩን እጅ፣ 181 ገደማ። ፖፕ ኦኤስ ለዜድራም 180 ያደረገው ከዚህ ጋር ይገጥማል። ዜድራም ተክሎ ስዋፒነስን 10 ላይ መተው ግን አዲስ ሰፊ መንገድ ከፍቶ በሩ ላይ ዘበኛ እንደማቆም ነው።

አብሮ የሚለወጥ ሌላም አለ። ፔጅ-ክላስተር በነባሪ 3 ነው፤ ሁለትን ሦስት ጊዜ በራሱ ሲያባዙት 8 ገጽ ማለት ነው፤ ማለትም አንድ ሲጠየቅ ስምንት ይነበባል። ይህ ለሚሽከረከር ዲስክ ይጠቅማል። ዜድራም ላይ ግን ያልተፈለጉ ሰባት ገጾችን በከንቱ መዘርጋት ስለሆነ 0 አድርጉት። ዋተርማርክ-ስኬል-ፋክተር ደግሞ ከርነሉ ምን ያህል አስቀድሞ ራም ማጽዳት እንደሚጀምር የሚወስን፣ ከ10,000 የሚሰላ ቁጥር ነው። ነባሪው 10፣ 0.1 በመቶ ማለት ነው፤ 4 ጂቢ ላይ 4 ሜጋባይት ያህል። ከርነሉ ማጽዳት የሚጀምረው ራሙ አፉ ድረስ ከሞላ በኋላ ነው። 125 ሲሆን 50 ሜጋባይት ገደማ አስቀድሞ ይነሳል፤ ፕሮግራሙም ቦታ ሲጠይቅ ቆሞ አይጠብቅም።

6.1 እና ከዚያ በላይ ከርነል ካላችሁ ኤምጂኤልአርዩ መብራቱን ሲስ ማውጫ ውስጥ ኤልአርዩ-ጄን ከሚለው ሥር አረጋግጡ። ሁሉም ዜሮ ከሆነ ጠፍቷል፤ «ዋይ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁበት አብሩ። እዚያው ያለውን ሚን-ቲቲኤል 1000 ብታደርጉ ባለፈው አንድ ሰከንድ የተነካ ገጽ አይጣልም። መጣል የግድ ከሆነ ከርነሉ ማሽኑን ከማንገላታት አንድ ፕሮግራም ይገድላል። ለዴስክቶፕ ይህ ጥሩ ልውውጥ ነው።

ሁሉም ሲሞላ ማን ይገድላል?

ራም ሲያልቅ ፕሮግራም በግድ የሚዘጋው የከርነሉ ገዳይ የሚነሳው በጣም ዘግይቶ ነው፤ የሚጣል ገጽ እስካለ ድረስ ይጠብቃል። ስለዚህ ቀድሞ የሚነሳ ያስፈልጋል። ኧርሊኡም ቀላሉ ነው፦ ነፃው ራምም ነፃው ስዋፕም ሁለቱም ከ10 በመቶ ሲወርዱ አንድ ፕሮግራም እንዲዘጋ ይጠይቃል፤ 5 በመቶ ሲደርስ በግድ ይዘጋዋል። የትኛውን አስቀድሞ፣ የትኛውን በፍጹም እንዳይነካ ልትነግሩት ትችላላችሁ። ሲስተምዲ-ኡምዲ፣ ኡቡንቱ ከ22.04 ጀምሮ ይዞት የሚመጣው፣ ከቁጥሩ በላይ ጫናውን ይመለከታል። ብልህ ነው፤ ግን የሚገድለው አንድ ፕሮግራም ሳይሆን ምድቡን በሙሉ ስለሆነ ከአንድ ተርሚናል የተነሳው ሁሉ አብሮ ሊሄድ ይችላል። አንዱ መስፈርቱ ራምም ስዋፕም 90 በመቶ መሙላታቸው ስለሆነ 1 ጂቢ ብቻ የሆነ ስዋፕ ቶሎ ይደርስበታል። ብራውዘራችሁ ሳይታሰብ እየተዘጋ ከሆነ ገዳዩን ከማጥፋታችሁ በፊት ስዋፑን አስፉ። ለባለ 4 ጂቢ ላፕቶፕ ከሁለቱ ኧርሊኡም ይሻላል፤ የሚያደርገው ነገር ይገመታል።

ዊንዶውስና ማክ

ዊንዶውስ ከ10 ጀምሮ ራሱ ይጨምቃል፤ ተጠቃሚው የሚተክለው ነገር የለም። ታስክ ማናጀር ላይ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሚሞሪ የሚለውን ስትከፍቱ በጥቅም ላይ ካለው ራም አጠገብ በቅንፍ የተጨመቀው ተጽፎ ይታያል። ልትሳሳቱ የምትችሉት ፔጅ ፋይሉን በማጥፋት ነው። ዊንዶውስ ለፕሮግራም ቃል የገባውን ቦታ ሁሉ በራምና በፔጅ ፋይል ድምር ውስጥ ማስተናገድ አለበት። ፔጅ ፋይሉ ሲጠፋ ጣሪያው ራሙ ብቻ ይሆንና ገና ነፃ ራም እያለ ፕሮግራሞች «ሚሞሪ አልቋል» ብለው ይወድቃሉ። ሲስተሙ ራሱ እንዲያስተዳድረው ተዉት፤ ኤስኤስዲም ሃርድ ዲስክም ካለ ኤስኤስዲው ላይ ይቀመጥ። ማክ ከ2013ቱ ማቨሪክስ ወዲህ ይጨምቃል፤ እዚያ የሚመረጥ ነገር የለም። አክቲቪቲ ሞኒተር ላይ ያለውን የጫና ሥዕል ቀለም ብቻ ተመልከቱ።

የተተከለውን ማንበብ

ዜድራም ተተክሎ ግማሽ ቀን ከተሠራበት በኋላ ዜድራምሲቲኤል የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። ከሚወጣው መስመር ሦስት ቁጥሮች ይበቃሉ፦ ሳይጨመቅ የገባው፣ ተጨምቆ የወጣው፣ እና ከነማስተዳደሪያው በጠቅላላ ከራሙ የተወሰደው። ለምሳሌ 1.8 ጂቢ ገብቶ ጠቅላላው 640 ሜጋባይት ከሆነ ወደ 3 ለ1 የሚጠጋ ነው፤ ከ1 ጂቢ በላይ ተርፏል። 1.8 ገብቶ 1.5 ከተወሰደ ግን ውስጡ ያለው የማይጨመቅ ነገር ነው፤ የተመሰጠረ ወይም አስቀድሞ የተጨመቀ ምስልና ቪዲዮ። ዜድራም ለዚህ ሥራ አይረዳም፤ ወደ ዜድስዋፕ ዙሩ።

ሁለተኛው መለኪያ ጫናው ነው። ከሊኑክስ 4.20 ወዲህ ፕሮክ ማውጫ ውስጥ ፕሬዠር የሚባል ቦታ አለ፤ ሚሞሪ የሚለውን ፋይል ክፈቱ። ሁለት መስመር አለው። የላይኛው ቢያንስ አንድ ሥራ ራም ሲጠብቅ የቆመበትን ጊዜ በመቶኛ፣ የታችኛው ሁሉም ሥራ አንድ ላይ የቆሙበትን ያሳያል፤ እያንዳንዱ ላለፉት 10፣ 60 እና 300 ሰከንድ። የላይኛው አልፎ አልፎ 5 እና 10 ቢደርስ ችግር የለም። የታችኛው መስመር የ60 ሰከንዱ ቁጥር ከ10 በላይ ሆኖ ከቆየ ግን ማሽኑ በየደቂቃው ስድስት ሰከንድ ምንም ሳይሠራ ቆሟል ማለት ነው። ስዋፕ ጥቅም ላይ መዋሉ ብቻውን አያስደንግጣችሁ፤ ቪኤምስታትን በየሰከንዱ አስኪዱና ከስዋፕ የሚገባውንና ወደ ስዋፕ የሚወጣውን ሁለት ዓምዶች እዩ። 2 ጂቢ ስዋፕ ተይዞ ሁለቱም ዓምዶች ዜሮ ከሆኑ የቀዘቀዙት ገጾች በቦታቸው አርፈዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የታችኛው መስመር ካልወረደ መፍትሔው ራም መጨመር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ዲኤምአይዲኮድ ላይ ዓይነት 17 የሚለውን ጠይቁ፤ ስንት ማስገቢያ እንዳለ፣ ስንቱ ባዶ እንደሆነ፣ ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 ይነግራችኋል። ዲዲአር3ኤል የሚፈልግ ላፕቶፕ በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ነው የሚቀበለው፤ የ1.5 ቮልቱ ቢገባም ማሽኑ ላይነሳ ይችላል። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ መጨመር አይቻልም። ለእነሱ ዜድራሙን ከራሙ አንድ ተኩል እጥፍ አድርጉና ኧርሊኡምን ከብራውዘሩ እንዲጀምር ንገሩት።